ሜዲካል ስፓ መክፈት በአሜሪካ፦ ማሽኑ የመጨረሻው ግዢ ነው

[ምስል፦ አዲስ ቀለም የተቀባ ክፍል። መሃሉ ላይ ከፕላስቲኩ ያልወጣ የሌዘር ማሽን።]

ሜዲካል ስፓ፣ ማለትም ሕክምና ያለበት የውበት ቤት፣ ለመክፈት የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚገዛው ይሄንን ነው። ቤት ይከራያል፣ ሶፋ ያስገባል፣ ማሽኑን በብድር ያመጣል፤ ሐኪም ፍለጋ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ እስኪገኝ የማሽኑ ወርሃዊ ክፍያ ይቆጥራል፣ ማሽኑ ግን ቆሟል። ይህ ቪዲዮ አሜሪካ ውስጥ በነርስነት እየሠራችሁ የራሳችሁን ቤት ለመክፈት ለምታስቡ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጠን እንሄዳለን።

ስፓ የሚለው ስም አያታላችሁ። ቦቶክስ (መጨማደድ የሚያላላ መድኃኒት) መውጋትና ፊለር (ከንፈርን ወይም ጉንጭን የሚሞላ ጄል) መሙላት ሕክምና ነው፤ በብዙ ስቴቶች በሌዘር ፀጉር ማስወገድም እንደዚያው። ሕክምና ከሆነ ደግሞ ባለቤት መሆን የሚችለው ማን እንደሆነ የሚወስነው ስቴቱ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሕክምናው ድርጅት ቢያንስ 51 በመቶው የሐኪም መሆን አለበት፤ ነርስ መግባት የምትችለው በቀሪው 49 በመቶ ነው። ነርስ ፕራክቲሽነር (ተጨማሪ ተምራ መርምራ መድኃኒት የምታዝዝ ነርስ) ያለሐኪም ቁጥጥር በምትሠራባቸው ስቴቶች መንገዱ ሰፋ ይላል።

ለዚህ ነው ብዙዎች ሁለት ድርጅት የሚያቋቁሙት። አንዱ የሐኪሙ ነው፣ ሕክምናውን ይሰጣል። ሌላው የእናንተ ነው፤ ቤቱን፣ ዕቃውን፣ ቀጠሮውንና ማስታወቂያውን ያስተዳድራል፣ ለዚህም ከሐኪሙ ድርጅት የአስተዳደር ክፍያ ይቀበላል። ክፍያውን ከገቢው በመቶኛ ማድረግ ቀላል ይመስላል። ኒው ዮርክ ግን የሕክምና ገቢ መከፋፈል ነው ብላ ትከለክለዋለች። ከገበያው ዋጋ ጋር የሚመጣጠን ቋሚ ወርሃዊ ክፍያ ይሻላል። ውሉን የስቴታችሁን የጤና ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይጻፈው።

ሐኪሙን ስትመርጡ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁት፦ ቅዳሜ ከሰዓት የደንበኛዬ ከንፈር ፊለር ከተወጋ በኋላ ቢነጣ ስልክ ታነሳለህ ወይ? ስሙን በወር ክፍያ አከራይቶ የሚጠፋ ሐኪም አለ። ችግር ሲመጣ የሱም ፈቃድ የናንተም ፈቃድ ነው የሚጠየቀው።

ከሐኪሙ ቀጥሎ ምርመራው ነው። አዲስ ደንበኛ መርፌ ሳይነካት በፊት ሐኪም፣ ነርስ ፕራክቲሽነር ወይም የሐኪም ረዳት አይቷት ትእዛዝ መጻፍ አለበት። ብዙ ስቴቶች በቪዲዮ እንዲደረግ ይፈቅዳሉ። ተራ የነርስ ፈቃድ በትእዛዝ ለመውጋት ነው፤ ትእዛዙን ለመጻፍ አይበቃም። በዚህ ምርመራ እርግዝና፣ ጡት ማጥባት፣ የጡንቻና የነርቭ ሕመም፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የኬሎይድ (አብጦ የሚቀር ጠባሳ) ታሪክ ይጠየቃል። የከንፈር ፊለር ከሆነ ምች ይወጣባት እንደሆነ ጠይቁ፤ መርፌው ይቀሰቅሰዋል።

[ምስል፦ ፍሪጅ ይከፈታል። ቴርሞሜትሩ 4 ዲግሪ ያሳያል። አንድ ትንሽ ብልቃጥ።]

አሁን ወደ ብልቃጡ። ትርፍም ኪሳራም የሚወሰነው እዚህ ነው።

ቦቶክስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ፍሪጅ ይቀመጣል። ባለ 100 ዩኒቱ ብልቃጥ (ዩኒት የመድኃኒቱ መለኪያ ነው) በ2.5 ሚሊ ሊትር ሳላይን፣ ከጀርም በጸዳ የጨው ውሃ፣ ይበጠበጣል፤ ባለ 50ው በ1.25። በሁለቱም 0.1 ሚሊ ሊትር ላይ 4 ዩኒት ይገኛል። መርፌውን በክዳኑ ስትሰኩ ብልቃጡ ራሱ ሳላይኑን መሳብ አለበት፤ ውስጡ አየር የለውምና። ካልሳበ ጣሉት። አትነቅንቁት፣ በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። ቀኑንና ሰዓቱን ብልቃጡ ላይ ጻፉ፤ በአምራቹ መመሪያ ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም። ለ100 ዩኒት በስሕተት 1.25 የጨመረ ሰው በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ እጥፍ መጠን ይወጋል።

በቅንድቦች መካከል ላለው መጨማደድ 5 ነጥብ ላይ 4፣ 4 ዩኒት፣ ድምር 20። ለዓይን ዳርና ዳር 24። ለግንባር 20፣ እሱም ከቅንድቡ መሃል 20 ጋር አብሮ የሚሰጥ። ሦስቱም ሲደመሩ 64። የቅንድቡን ውጫዊ ነጥብ ከዓይን በላይ ካለው የአጥንት ጠርዝ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ዝቅ ካለ መድኃኒቱ የዓይን ቆብ ወደሚያነሳው ጡንቻ ይደርስና ቆቡ ይወድቃል፤ እስኪመለስ ሳምንታት ይፈጃል።

[በስክሪኑ ላይ፦ 50 ዩኒት × 6 = 300 ዶላር። 20 ዩኒት × 13 = 260 ዶላር።]

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አንድ ዩኒት በ6 ዶላር ገዝታችሁ በ13 ዶላር ትሸጣላችሁ እንበል። ሲታይ ከእጥፍ በላይ ነው። ደንበኛዋ ግን 20 ዩኒት ብቻ ወሰደች፤ 260 ዶላር ገባ፣ የከፈታችሁት ባለ 50 ብልቃጥ 300 ዶላር ወጣበት። የነርሷ ሰዓት ሳይቆጠር 40 ዶላር ከስራችኋል። ብዙ ቤቶች የተረፈውን ለሚቀጥለው ደንበኛ ይወጉታል፤ ሒሳባቸው የሚሞላውም በዚያ ነው። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ግን ለአንድ ሰው ነው፤ የበሽታ መቆጣጠሪያው መሥሪያ ቤት ሲዲሲም የአንድ ሰው ብልቃጥ ለአንድ ሰው ብቻ ይላል። ስለዚህ ዋጋ ስታወጡ በዩኒት ሳይሆን በብልቃጥ አስሉ። ለአንድ ቦታ ብቻ የምትመጣ ደንበኛ ዝቅተኛ ክፍያ ይኑራት፤ ምክንያቱንም ንገሯት፣ ትረዳለች።

ጋራ መጠቀም የት እንደሚያደርስ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አልበከርኪ ከተማ ታይቷል። በ2018 የተዘጋ ፈቃድ የሌለው ስፓ ደንበኞች በደም ፌሻል (የደንበኛዋ ደም ተወስዶ በመርፌ ፊቷ ላይ በሚመለስበት) ኤችአይቪ እንደያዛቸው ሲዲሲ በ2024 አስታውቋል። ስም ያልተጻፈባቸው የደም ቱቦዎች ተገኝተዋል።

በርካሽ የሚመጣ ብልቃጥም ሌላ አደጋ ነው። በዚያው በ2024 ሐሰተኛ ቦቶክስ ብዙ ስቴቶች ውስጥ ሰው ሆስፒታል አስገብቷል። የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ የጠቀሳቸው ምልክቶች በዓይን የሚታዩ ናቸው፤ ካርቶኑ ላይ 150 ዩኒት የሚል (አምራቹ 150 አይሠራም)፣ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ያለበት፣ የመድኃኒቱ ስም ኦናቦቱሊነምቶክሲንኤ መሆን ሲገባው ቦቱሊነም ቶክሲን ታይፕ ኤ ተብሎ የተጻፈ። ግዢ ከአምራቹ ወይም ፈቃድ ካለው አከፋፋይ ብቻ፤ የሎት (የምርት ዙር) ቁጥሩ በእያንዳንዷ ደንበኛ ፋይል ላይ ይመዝገብ።

ፊለር ለሚሠራ ቤት ደግሞ ሃያሉሮኒዴዝ የሚባለው ማሟሟቻ ሳይኖር በሩ አይከፈትም። ፊለሩ የደም ሥር ከዘጋ ቆዳው ይነጣል፣ ቀጥሎ እንደ መረብ ይወይባል፣ ያማል። ያን ጊዜ ደቂቃ ይቆጠራል። ማየት ከቀነሰባት 911 ወዲያው።

[ምስል፦ ሦስት ቁጥሮች፦ 755፣ 810፣ 1064።]

እንግዲህ ማሽኑ። የመጀመሪያ ደንበኞቻችሁ ሐበሾች ከሆኑ ይህን ክፍል ደግማችሁ ስሙት።

ሌዘር ፀጉርን የሚያቃጥለው በጥቁር ቀለሙ፣ በሜላኒን በኩል ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ያው ሜላኒን ቆዳው ላይም አለ፤ ብርሃኑ ሥሩ ከመድረሱ በፊት ላዩን ያቃጥላል። ፊትዝፓትሪክ የሚባለው መለኪያ ቆዳን ከ1 እስከ 6 ይከፍላል፤ የኛ ሰው አብዛኛው ከ4 እስከ 6 ላይ ነው። ቁጥሮቹ የሌዘሩ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ናቸው። 755 ናኖሜትሩ አሌክሳንድራይት የሚባለው ሌዘር ለነጭ ቆዳ ግሩም ነው፣ ለኛ ግን ጠባሳና ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። 1064 ናኖሜትሩ ኤንዲያግ ላይኛውን ቆዳ አልፎ ጠልቆ ይገባል። ያማል፣ ቀጭን ፀጉር ላይ ይደክማል፣ ግን ለጠይም ቆዳ ከሁሉ የተሻለ ደኅንነት ያለው እሱ ነው። ዳዮዱ 810 በመሃል ነው፤ ጠይም ቆዳ ላይ ረጅም ፐልስ (የብርሃን ምት)፣ ጥሩ ማቀዝቀዣና የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል።

ደንበኛዋ ከመምጣቷ በፊት ትላጭ፤ በሰም ወይም በክር ከነቀለች ሌዘሩ የሚመታው ሥር የለም። መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩ፤ ጠይም ቆዳ ላይ ጥቁረቱ ዘግይቶ ስለሚወጣ ዋናውን ሥራ በዚያው ቀን አትጀምሩ። ከ6 እስከ 8 ጊዜ፣ በሳምንታት ልዩነት እንደሚፈጅ አስቀድማችሁ ንገሯት። ሽበት ላይ አይሠራም። አገጯ ላይ ወፍራም ፀጉር የሚያወጣና የወር አበባዋ የሚዛባ ሴት ከሌዘሩ በፊት ሆርሞኗን ታስመርምር፤ ያለዚያ ፀጉሩ እየተመለሰ ገንዘቧ ያልቃል። የዓይን መከላከያውም ላዩ ላይ የማሽናችሁ ቁጥር መጻፉን እዩ፤ የ755ቱ መነጽር ከ1064ቱ አያድንም።

ሻጩ ጋ ስትቀርቡ ሦስት ጥያቄ ያዙ። ዋስትናው ሲያልቅ የዓመት ጥገናው ስንት ነው? በየጊዜው የሚቀየር ጫፍ ወይም በምት የሚቆጠር ክፍያ አለው? ማሽኑን አሮጌ አድርጌ ብሸጥ የሚገዛኝን ሰው እንደገና ማረጋገጫ ክፈል ትሉታላችሁ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉና ከሐኪሙ ውል ጋር አንድ ላይ ለጠበቃው ስጡት።