ስኳር ላይ መመራመር የሚፈልግ ወጣት መሐንዲስ መጀመሪያ የት ይቀመጥ?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም። ብቻዬን ነኝ፣ ከባሕር ዳር። ከኋላዬ የምትሰሙት ባጃጅ ነው፤ ሰፈሩ እንዲህ ነው፣ ቻሉት።

ሰሞኑን ስለ ተማሪዎቼ ሳስብ ነው የከረምኩት። የባዮሜዲካል ምህንድስና ልጆች ለተግባር ልምምድ ሲመጡ ምን መሥራት እንደሚፈልጉ እጠይቃቸዋለሁ። ስኳር በሽታ ላይ የሚሉት ብዙ ናቸው፤ እናቱ ወይ አያቱ ስኳር ያለባት ልጅ አይጠፋም። ደስ ይለኛል። ከዚያ ምን ልትሠሩ ስል ግን መልሱ ሁሌ አንድ ነው፤ አፕ። የስኳር መከታተያ አፕ። ኧረ በፈጠራችሁ! ስትሪፕ፣ የደም ስኳር መለኪያዋን ቁራጭ፣ መግዣ የሌለው ሰው አፑ ላይ ምን ሊመዘግብ ነው?

ስለዚህ እኔ የማስጀምራቸው ከስትሪፑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሊላንድ ክላርክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ኢንዛይምን፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፍ ጫፍ ከኤሌክትሮድ ጋር አጣምሮ ግሉኮስን፣ ማለትም ስኳሩን፣ መለካት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ ከፋርማሲ የምንገዛት ቁራጭ የዚያ ሐሳብ ልጅ ናት። ጣታችንን ወጋ አድርገን ደሙን ስናስነካት ኢንዛይሙ ከግሉኮሱ ኤሌክትሮን ይወስዳል፣ ማሽኑ ደግሞ የሚፈጠረውን ኤሌክትሪክ ለክቶ ቁጥር ያወጣል። እስከዚህ ድረስ ፈተና ላይ አሳምረው ይጽፉታል። አሁን ደም ማነስ ያለባት ነፍሰ ጡር ትምጣ። ቀይ የደም ሴሎቿ ጥቂት ስለሆኑ ግሉኮሱ እንደልቡ ኤሌክትሮዱ ጋ ይደርሳል፣ ማሽኑም ከትክክለኛው ከፍ አድርጎ ያነባል። ስኳሯ እየወረደ ማሽኑ ደህና ነሽ ሊላት ይችላል ማለት ነው። ይህን የሚያርሙ መሣሪያዎች አሉ፤ ሁሉም ግን አያርሙም። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጭጭ ይላል። ምርምር ከዚህ ይጀምራል፤ እዚሁ ካለው ታካሚ ደም፣ እዚሁ ከሚሸጠው ስትሪፕ።

ሁለተኛው ኢንሱሊን ነው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፤ የተከፈተው አብዛኛው ዓይነት ሙቀቱ እስካልበዛ ድረስ ለአራት ሳምንት ገደማ ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል። የሚያዝያን የባሕር ዳር ሙቀት ታውቁታላችሁ። ከደቅ ደሴት በጀልባ መጥቶ መድኃኒቱን ይዞ የሚመለስ ሰው ደግሞ ቤቱ ፍሪጅ ላይኖረው ይችላል። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው፤ ሲሞቅና ሲናጥ እርስ በርሱ ተጣብቆ ጥቅም አልባ ይሆናል። በእርጥብ አሸዋ የተከበበ የሸክላ ዕቃ ውኃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዛል። ምን ያህል? በክረምቱ እርጥበትስ ይሠራል? አንዱ ተማሪ «ይሄማ የሴት አያቴ ነገር ነው፣ ምርምር አይደለም» ሲለኝ ቆሽቴ አረረ። የሙቀት ዝውውር፣ ትነት፣ የፕሮቲን መበላሸት፤ ከዚህ በላይ ምህንድስና ምን አለ?

ሌላም አለ። ስኳር የጠገበ ሰው በሽታ ነው ሲባል ነው ያደግነው። ጎንደር አካባቢ ግን ሐኪሞች ከገጠር የሚመጡ፣ ቀጫጭን፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ወጣቶችን ለዓመታት ሲያዩና ሲጽፉ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር አምስተኛ ዓይነት ብሎ ዕውቅና ሰጠው። ቆሽታቸው ላይ ምን እንደሚደርስ ገና ተጠንቶ አላለቀም። እና የእኛ ልጆች አፕ!

ስለ ሴል ሕክምናውም እነግራቸዋለሁ፣ ለማስጎምጀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ከግንድ ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ከሚችል ሴል፣ ኢንሱሊን የሚያመነጩ ሴሎችን በብዛት ማምረት እንደሚቻል ታይቷል። ዋናው ጣጣ የእኛ የመሐንዲሶች ነው፤ ታካሚው ውስጥ የሚተከሉትን ሴሎች ሰውነት እንዳያጠቃቸው ብትሸፍናቸው ኦክስጅን ያንሳቸዋል። ይህን ለመማር የሴል ማሳደጊያ ላብራቶሪ ያስፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ። እሱ እስኪመጣ ግን እጅ አጣጥፎ መጠበቅ አይገባም ባይ ነኝ።

ታዲያ መጀመሪያ የት ይቀመጡ? የስኳር ክትትል ክፍል በር ላይ ያለው አግዳሚ ላይ፣ ከታካሚዎቹ ጋር። ኮምፒውተር ሳይዙ። እሜቴ ኢንሱሊኑን የት እንደሚያስቀምጡት ይጠይቁ፣ ያዳምጡ። ፈቃድ ለማግኘት አንድ ሆስፒታል ደብዳቤ አምጡ እያለ ሲያመላልሰን ነበር፤ ምክንያቱ ይገባኛል፣ የሰው ምስጢር ነው። ግን ቢሮክራሲው ልጆቹን ተስፋ ያስቆርጣል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ከምረቃ በኋላ ያለው ነው። ጎበዞቹ ጥገና ክፍል ይገባሉ፣ ቀኑን ሙሉ የተበላሸ ማሽን ሲፈቱ ይውላሉ፣ ምርምሩ የማታ ሥራ ይሆናል። ጥገናን መናቄ አይደለም፤ ከጥገና የተማርኩትን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ግን ከሳምንቱ አንድ ቀን እንኳ ለምርምር ተብሎ ደመወዝ ቢከፈልባት ምን ነበረበት? ይህን የምትወስኑ ሰዎች እየሰማችሁኝ ከሆነ አንድ ቀን ብቻ ነው የምለምናችሁ።

በሚቀጥለው የስኳር ክትትል የሚሠራ ሐኪም ይዤ እመጣለሁ። ጥያቄዎቹን ተማሪዎቹ ናቸው የሚያዘጋጁት። እናንተም ካላችሁ ላኩልኝ፣ ስለ አፕ ካልሆነ።