ማደሪያ የሌለው ወንዝ

እሱ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን፤ እንደተለመደው የምንነጋገረው ከባሕር ዳር ነው። በየሳምንቱ የምንፈጥረው የምናብ ታሪክ ጀግና ባለፈው ጊዜ አስማተኛ ወንዝ ዳር ቆሞ ቀርቷል። እህቴ፣ እንዴት እናሻግረው?

እሷ፦ ከማሻገራችን በፊት ወንዙ በምን እንደሚያስፈራ እንስማማ። በብዙ ታሪኮች አደገኛ ወንዝ ገና ከሩቁ ያጓራል፤ እኛ የምናውቀው ዓባይ ግን ከጣና የሚወጣው ጸጥ ብሎ ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ገደል ይወረወራል። ጉማሬውም ቢሆን ጆሮውንና ዓይኑን ብቻ ብቅ አድርጎ ነው የሚጠብቅህ።

እሱ፦ ጸጥ ያለ ይሁን እሺ። አስማቱስ? በቀትር ወንዝ አትውረዱ እየተባልን ስላደግን፣ እኔ ጋኔን ላስገባበት አስቤ ነበር።

እሷ፦ ጋኔኑ ይቅርብን፤ ተረታችን ይበቃል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንል የለም? እንግዲያው ወንዙ ተሻጋሪውን ሁሉ ማደሪያ ይጠይቃል እንበል። ወርቅ የሚሰጠውን ያሰጥመዋል፤ ለአንድ ሌሊት የሚያሳድረውን ግን ያሻግረዋል።

እሱ፦ ወንዝ የሚያድረው የት ነው? እንስራ ውስጥ?

እሷ፦ ታንኳ ውስጥ። የጣና ታንኳ ከደንገል እየታሰረች የምትሠራ ስለሆነች በቆየች ቁጥር ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች፤ ባለቤቷም ከተመለሰ በኋላ ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆማታል። ጀግናችን ውሃ እንዳይገባት ብሎ ስብ ቢቀባት እንግዳውን በር ላይ እንደመመለስ ይቆጠርበታል፤ መሐል ላይ ቢዘገይ ደግሞ እንግዳው ቤቱን ሞልቶ ባለቤቱን ያሰጥማል።

እሱ፦ ይህን ወድጄዋለሁ፤ አስማቱ ልክ አለው ማለት ነው። ጀግናው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይሻገርም፤ ደንገሉ ምን ያህል እንደጠጣ ከታንኳዋ ክብደት እያወቀ መቅዘፍ ይኖርበታል። እኔ ብሆን ስቡን እቀባ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

እሷ፦ አንተማ መሐል ላይ ሳትደርስ እናጣህ ነበር! ለእኔ ግን ከባዱ ማዶ ከደረሰ በኋላ ያለው ነው። ታንኳዋን ፀሐይ ላይ ቢያቆማት የተቀበለውን እንግዳ ሌሊቱ ሳይነጋ ማባረሩ ነው፤ እርጥብ እንዳለች ቢተዋት ደግሞ ትበሰብስና መመለሻ ያጣል።

እሱ፦ ታዲያ ምን ያድርግ?

እሷ፦ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም፤ ታንኳዋን ተደግፎ ተቀምጧል። ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት እንነሣለን።