የስሜን ገደልና የጅማ ቀይ አፈር

እንዴት ሰነበታችሁ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከስሜን ተራሮች ከተመለስኩ ጀምሮ ከአእምሮዬ ስላልወጣ ነገር ላውራችሁ።

እኛ ጅማ ያደግን ልጆች ድንጋይ ብዙም አናውቅም። የምናውቀው ጫካ፣ ቡና፣ በክረምት ደግሞ ጫማ የሚያስወልቅ ቀይ ጭቃ ነው። መሬቱ ከስር ምን እንደሆነ ተሸፍኗል። ስሜን ሁሉም ነገር ገሃድ ነው። እሜት ጎጎ የሚባለው ተራራ ከ3,900 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ጫፍ ስትደርሱ መሬቱ በቃ ያልቃል። በስሜን አንዳንዱ ገደል እስከ 1,500 ሜትር ይወርዳል። ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ አግድም አግድም የተነባበረ አለት ይታያል። እያንዳንዱ ንብር፣ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው፤ አንዱ ከረጋ በኋላ ሌላው እየፈሰሰበት ተራራ ሆነ፤ ከዚያ ዝናብና ወንዝ እየሸረሸሩ ገደል አደረጉት።

ጠርዙ ላይ ስጠጋ አብረውን የሚሄዱት የፓርኩ ጠባቂ፣ እስካውታችን፣ «ተይ ልጄ፣ ነፋሱ አይታመንም፤ ቁጭ ብለሽ እይ» አሉኝ። «እሺ አባቴ» ብዬ ቁጭ አልኩ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ የመጡት ያኔ ነው። አንዷ እናት ልጇን አዝላ አጠገቤ ተቀመጠች። በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ ሣሩን እየነጨች፣ እፍኟ ሲሞላ ወደ አፏ ትልካለች። ያቺ ቦታ ስታልቅባት አትነሳም፤ እንደተቀመጠች ፈቀቅ ትላለች። ሣሩ ሲነጭ ድምፁ ይሰማል። ሲመሽ ደግሞ ሁሉም ገደሉ ላይ ወርደው ያድራሉ፤ አውሬ አይደርስባቸውም። ዋልያ ያየሁት በሩቁ ነው፤ ቢሆንም በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ ሌላ የትም የለምና ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

እዚያው ተቀምጬ ከገደሉ ማዶ ያለውን የገብስ ማሳ አየሁ። አፈሩ ስስ ነው፤ ቦታ ቦታ ላይ አለቱ ወጥቷል። ፓርኩ ከ1996 እስከ 2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ላይ የነበረው ዋልያው በመመናመኑ፣ እርሻና ግጦሽም እየገፋ በመምጣቱ ነበር። ሣሩ የቆመው በዚያ ስስ አፈር ላይ ነው፤ ጭላዳዋም የምትኖረው በሣሩ።

ጅማ ስመለስ ወደ ጅሬን ወጣሁ። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት አልነበረም፤ መንገዱ ኮረብታውን የቆረጠበትን ቦታ ፈልጌ ነው። የእኛም መሬት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው አለት ነው፤ እንዲያውም በደቡብ ምዕራቡ እሳተ ገሞራው የጀመረው ከስሜኑ ቀድሞ ነው። ልዩነቱ እዚህ ሙቀትና ዝናብ ለረጅም ዘመን ሠርተውበት አለቱ በስብሶ፣ ውስጡ ያለው ብረትም ዝጎ ቀይ አፈር መሆኑ ነው። ከተቆረጠው አፈር ውስጥ አንድ ክብ ድንጋይ አገኘሁ። በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ሽንኩርት ይላጣል፤ መሃሉ ላይ ግን ጥቁርና ጠንካራ ነው። ስሜን ላይ የተቀመጥኩበት ዓይነት ድንጋይ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ስላሳሰበኝ ነው። ክረምት ላይ የአዌቱን ወንዝ ውሃ ቀለም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያ ቀይ ነገር አፈራችን ነው፤ ከተራቆቱት ዳገቶች ታጥቦ የሚወርድ። አፈሩ ጥልቅ ስለሆነ የማያልቅ ይመስለናል። የቡና ጥላ ዛፍ ሲቆረጥ ዝም የምንለውም ለዚህ ይመስለኛል፤ እኔ ግን ከእንግዲህ ዝም አልልም።

በሚቀጥለው ክፍል በለጠ በሚባለው ጫካ አጠገብ ቡና የሚያመርቱ አንድ አባት ይኖሩናል። ዳገት ላይ አፈር እንዴት እንደሚያቆዩ እጠይቃቸዋለሁ፤ የእናንተም ጥያቄ ካለ በድምፅ ላኩልኝ።