እመት ጅቢት

እንደምን አመሻችሁ። ባለፈው ክፍል ንግግሬን ያቋረጠው አውራ ዶሮ በሕይወት አለ፤ ፋሲካን ይለፍ አይለፍ ግን ቃል አልገባላችሁም። ዛሬ የተቀመጥሁት ስለ እርሱ አይደለም።

ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ ወጥቼ አጎቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አህያቸውን ጅብ ከበላባቸው አራተኛው ቀን ነበር። አመሻሽ ላይ ብቻዬን ከወንዝ ስመለስ ከገደሉ ሥር፣ ከአንድ ጠባብ ጉድጓድ አፍ ላይ ጅብ ቆሞ አየሁና ድንጋይ አነሣሁ። ጅቡ አንገቱን ወደ ጉድጓዱ ዝቅ አድርጎ ሲያቃስት፣ ጥቁር ጠጕራቸው ገና ያልለቀቀ ሁለት ልጆች ወጡ፤ እርሱም፣ እርሷ ማለቴ ነው፣ በጎኗ ተጋድማ አጠባቻቸው። ሴት መሆኗን ያወቅሁት በዚህ ብቻ ነው፤ የሴት ጅብ ብልት ከወንዱ ጋር ስለሚመሳሰል በሌላ መንገድ በሩቁ መለየት ያስቸግራል።

ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተነሣችም። ድንጋዩ በእጄ ነበር። ልጆቿ የሚጠቡት ወተት የአጎቴ አህያ ነበረች ብዬ ማሰቤንም አልክድም። እንዲህ ቆሜ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ድንጋዩን መቼ እንደጣልሁትም አላስታውስም፣ ቤት ስደርስ ግን እጄ ባዶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጅብ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምሁ። እናቲቱ ጉድጓዱ ስለሚጠባት ወደ ውስጥ አትገባም፤ ከአፉ ላይ ሆና ትጠራቸዋለች። ልጆቹ ዓይናቸው ተገልጦ፣ ጥርስ አብቅለው ይወለዳሉ፤ ከ1 ዓመት በላይም ይጠባሉ፣ የእናታቸውንም ማዕረግ ይወርሳሉ። መንጋውን የሚገዙት ሴቶቹ ናቸው፤ ከሌላ መንጋ የመጣ ወንድ ከእነዚያ ሕፃናት እንኳ በታች ነው። እኛ ግን ስንት ዘመን «አያ ጅቦ» ስንል ኖርን! «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ስንልም፣ የጅቢቱ ባል ከአህያዋ ባል የተሻለ ወግ እንደሌለው ማን ነገረን? ይህን ለአጎቴ ብነግራቸው ይስቁ ነበር፤ ደግሞ ከየት አወቅኸው ማለታቸው አይቀርም።

ትግራይ ውስጥ የጅብ ኩስ የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ የአህያ ጠጕር የተገኘበት ኩስ ከጾሙ በፊት ከመቶ 15 ገደማ እንደነበረና በጾሙ ጊዜ ወደ 33 ገደማ እንዳደገ ጽፈዋል። በ55ቱ ቀን ከብት ስለማይታረድ የሚጣል አጥንትና አንጀት ይጠፋል፤ የሚቀረው አህያ ነው። ስለዚህ እኛ ስንጾም እርሷ… አይ፣ ይህ ለአጎቴ የሚነገር ነገር አይደለም። አህያዋ እህል ተሸክማ ገበያ የምትወጣ ነበረች፤ አሁን የሚሸከሙት እርሳቸው ናቸው።

በዚያች ምሽት እራት ላይ «ጉድጓዱን አላየኸውም?» ብለው ጠየቁኝ። «ኧረ አላየሁም» አልኋቸው።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታቸው አህያ ተበላች። ያችው ትሁን ከመንጋው ሌላዋ፣ በምን ይለያል? እርሷ ብትሆንስ ደግሞ… ዛሬ ጠዋት አጎቴ ደውለው ነበር፤ አላነሣሁትም። ከቀረጻው በኋላ እደውላለሁ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን መሽቷል፣ እርሳቸውም በጊዜ ነው የሚተኙት…