ውሃ በፈረቃ ሲመጣ የቤታችን ቧንቧ ምን ይሆናል?

የተከበራችሁ የደሴ ከተማ ነዋሪዎች፣ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ውሃ እጥረት ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምንቆጥረው ጀሪካን ነው፤ ስንት ቀን ጠፋ፣ በስንት ሰዓት መጣ፣ ስንት በርሜል ሞላን እንላለን። እኔ ግን ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ውሃው በጠፋባቸው ቀናት ማንም ዞር ብሎ የማያየውን የቤታችንን የቧንቧ መስመር ነው። የቤት ቧንቧ የሚዘረጋው ዘወትር ውሃ ሞልቶት እንዲኖር ታስቦ ነው። በፈረቃ የሚኖር ቧንቧ ግን ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይሞላል፤ ቧንቧን ከውሃው ማነስ ይበልጥ የሚጎዳውም ይኸው መመላለስ ነው። ስለዚህ ያለንን ቤት ማስተካከል፣ ከአሁን በኋላ የምንሠራውንም ቤት ውሃ ሊጠፋበት እንደሚችል ቆጥረን ቧንቧውን መዘርጋት ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

ውሃ ያነሰበት ከተማ ሁሉ የሚወስደው እርምጃ አንድ ዓይነት አይደለም። የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ከባድ ድርቅ በገጠማት ጊዜ አንድ ሰው በቀን ከ50 ሊትር በላይ እንዳይጠቀም ደንግጋ ነበር። ድርሻው ተቀነሰ፣ የመስመሩም ግፊት ዝቅ ተደረገ፤ ቧንቧው ግን ውሃ አልተለየውም። እኛ የለመድነው ሌላው መንገድ ነው፤ አንዱ ሰፈር ሲከፈት ሌላው ይዘጋል። የማከፋፈያው መስመር በቂ ውሃ በማያገኝበት ጊዜ ፈረቃ የግድ ሊሆን ይችላል፤ እኔም ሥራውን የሚሠሩትን ለመውቀስ አልቆምኩም። ነገር ግን የተዘጋው መስመር ባዶ እየሆነ እንደሚቆይ፣ ባዶ ቧንቧም የራሱ ጠባይ እንዳለው ልናውቅ ይገባል።

ከተማችን ደግሞ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች አይደለችም። ከጦሳ ተራራ ግርጌ እስከ ቦርከና ዳር ቁልቁለት ነው። ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ 10 ሜትር በወረደ ቁጥር ግፊቱ በ1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ በአንድ መስመር ላይ ካሉ ቤቶች መካከል የላይኛው በቀጭኑ እየተንጠባጠበለት ሲጠብቅ፣ 50 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለው ቤት ከላይኛው 5 ባር የሚበልጥ ግፊት ይሸከማል። ውሃው ሲዘጋም የሚሆነው እንደዚሁ ነው። በመስመሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ቁልቁል ይሸሻል፣ የላይኛው ቧንቧ አስቀድሞ ባዶ ይሆናል፣ ባዶ የሆነውም ቧንቧ ይስባል። ቧንቧው በተሰነጠቀበት ወይም መገጣጠሚያው በላላበት ቦታ የሚስበው አየር ብቻ ቢሆን መልካም ነበር፤ ከጎኑ የጎርፍ ቦይ ወይም የመጸዳጃ ጉድጓድ ካለ ግን የዚያን እርጥበት ይስባል። የደሴ መሬት በናዳና በመንሸራተት የሚታወቅ ስለሆነ የተቀበረ ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ መላላቱ አይቀርም። ከረጅም መጥፋት በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ውሃ ለመጠጥ አትቅዱ የምንለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥርት እስኪል በባልዲ ተቀብላችሁ ለመጸዳጃ ቤትና ለወለል አውሉት።

ውሃው ሲመለስ የምንሰማውን ድምፅ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቧንቧው መጀመሪያ ያፏጫል፣ ከዚያ እያሳለ አየርና ውሃ ቀላቅሎ ይተፋል። ባዶውን ቧንቧ የሞላው አየር በሚመጣው ውሃ እየተገፋ ሲወጣ የቆጣሪውን መዘውር ሊያዞር እንደሚችል ብዙዎቻችሁ ታዝባችኋል። ከዚህ የከፋው ግን አየሩ ወጥቶ ሲያልቅ ነው፤ ከኋላው ሲሮጥ የነበረው ውሃ በድንገት ከተዘጋው ጫፍ ጋር ይላተማል። በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሮጥ ውሃ በቅጽበት ሲቆም ግፊቱ ከ10 ባር በላይ ሊዘል ይችላል። ግድግዳ ውስጥ የሚሰማው ዱብታ ይህ ነው። አንድ ቀን የሚሰበር ነገር ላይኖር ይችላል፤ ተደጋግሞ ሲመታ ግን በጥርስ የተያያዘው መገጣጠሚያ ይላላል፣ በሙቀት የተበየደውም የፕላስቲክ ቧንቧ ብየዳው በጥድፊያ የተሠራ ከሆነ ከዚያው ላይ ይሰነጠቃል።

የቆዩ ቤቶቻችን የተሠሩበት የጋልቫናይዝድ ብረት ቧንቧ ደግሞ ሌላ በሽታ አለበት። ውስጡን የሸፈነው ዚንክ በዘመን ብዛት ካለቀ በኋላ ብረቱ ይዝጋል፤ አንድ ጊዜ ውሃ አንድ ጊዜ አየር ሲፈራረቅበት ደግሞ ዝገቱ ይፈጥናል። በደረቀበት ቀን የተላቀቀውን የዝገት ቅርፊት ውሃው ሲመለስ ጠርጎ ያመጣዋል። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው የኩሽናውን ቧንቧ አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት በእጁ ፈትቶ መዳፉ ላይ ይገልብጣት፤ ጥቁር ቡናማ ቅርፊት፣ ደቃቅ አሸዋ፣ አንዳንዴም ከገመድና ከማሸጊያ የተቆረጠ ጭራሮ ያገኛል። ያው ቅርፊት ወደ መጸዳጃ ቤቱ የውሃ ሳጥን ገብቶ ኳሱ ተነሥቶ የሚዘጋውን ቀዳዳ ሲይዝ፣ ሳጥኑ ሞልቶ እንኳ ውሃው ሳይቆም ሌሊቱን ሙሉ ይፈሳል። ስንጠብቀው የከረምነው ውሃ በዚያ መንገድ ሲሄድ ማየት በእውነት ያሳዝናል። ከቆጣሪው ቀጥሎ ወንፊት ያለው ማጣሪያ ማስገጠምና በየጊዜው ፈትቶ ማጠብ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ሁለት ነገሮችን አደራ እላለሁ። አንደኛው፣ ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ከፍቶ አለመተው ነው፤ በደቂቃ 10 ሊትር የሚሰጥ ቧንቧ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ለ6 ሰዓት ቢፈስ 3,600 ሊትር ያፈሳል፣ የታችኛውንም ጎረቤት ግድግዳ ያርሳል። የቆጣሪውን ቫልቭ አጥብቦ መተውና ውሃው ሲመጣ ቀስ ብሎ መክፈት ደግሞ ያን ዱብታ ያበርደዋል። ሁለተኛው ቦይለር ነው። መስመሩ ሲደርቅ በመግቢያው ላይ ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ፣ የሌለው ቦይለር ውሃውን ወደ ኋላ መልሶ ሊያፈስ ይችላል፤ ባዶውን በኤሌክትሪክ ከሠራ ማሞቂያው ይቃጠላል። ውሃ ሲጠፋ የቦይለሩን ማብሪያ አጥፉ፤ መልሳችሁ ከማብራታችሁ በፊትም የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃ በሙላት መውረዱን እዩ።

አሁን ብዙ ወደምንሳሳትበት ወደ ታንከሩ ልምጣ። ሮቶ ሲገዛ የሚጠየቀው ዋጋውና ሊትሩ ነው፤ ክብደቱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። 2,000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ይመዝናል፤ በአራት ቀጭን ብረት እግር ወይም በአሮጌ ጣሪያ እንጨት ላይ የሚሰቀል ነገር አይደለም። አካባቢያችን በ1953 ዓ.ም. ማጀቴንና ካራ ቆሬን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰበት ምድር መሆኑን አስቡ፤ የታንከር ማማ መታሰርና መሠረቱም በባለሙያ መታየት አለበት። ታንከሩ ክዳኑ የሚገጥም፣ የትርፍ ውሃ መውጫው በወንፊት የተሸፈነ ይሁን፤ በተለይ የወባ ትንኝ ለምታስቸግራችሁ ለኮምቦልቻ ወንድሞቼ ይህ የጤና ጉዳይ ነው። ከታች የሚዘቅጠውን ደለል የምታወጡበት ቧንቧም ከሥሩ አስገጥሙ።

በቀጥታ ከከተማው መስመር ላይ ፓምፕ ገጥሞ ስለመሳብ ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። ይህ ነገር መቆም አለበት። ፓምፑ የሚስበው በመስመሩ ላይ ካሉ ጎረቤቶች ድርሻ ነው፤ ግፊቱ ደካማ በሆነበት ሌሊት ደግሞ ቧንቧውን ወደ ባዶነት አውርዶ ቀደም ብዬ የተናገርሁትን ቆሻሻ በየስንጥቁ ያስገባል፤ ያን ውሃ ደግሞ ፓምፑን የገጠመው ሰው ልጆችም ይጠጡታል። ትክክለኛው አሠራር ውሃው በራሱ ግፊት መሬት ላይ ወዳለ ታንከር እንዲገባ ማድረግ፣ ፓምፑም ከዚያ ታንከር ወደ ላይኛው እንዲገፋ ማድረግ ነው። ወጪው ይጨምራል፣ አውቃለሁ፤ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ተከራዮችና አከራይ ተጋግዘው አንድ የመሬት ታንከር ቢያስገቡ ግን ለእያንዳንዱ ይቀላል።

የፍሳሽ ቧንቧውም ውሃ ይፈልጋል። ለብዙ ቀን ያልተጠቀምንበት የሻወር ወለል ሲፎኑ፣ ማለትም ውሃ ይዞ ሽታውን የሚያግደው ጎባጣ ቧንቧ፣ ሲደርቅ የጉድጓዱ ሽታ ወደ ቤት ይገባል፤ አንድ ኩባያ ውሃ መጨመር ይበቃዋል። መጸዳጃ ቤቱን ግን በግማሽ ጣሳ እያጠቡ መክረም መስመሩን ይደፍነዋል፤ የልብስ እጣቢውን አትድፉት፣ በአንድ ጊዜ በባልዲ ልቀቁበት።

በመጨረሻም የከተማችንን የውሃ አገልግሎት በአክብሮት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የየሰፈሩ የፈረቃ ቀንና ሰዓት ከተነገረ በኋላ ለውጥ ሲኖር ለውጡም አስቀድሞ ይነገረን፤ ሰው ሰዓቱን ካወቀ ቫልቩን አጥብቦ፣ ቦይለሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። የሰፈሩን ዋና ቫልቭ የሚከፍቱት ሠራተኞችም ባዶው መስመር አየሩን አውጥቶ እስኪሞላ ድረስ በዝግታ እንዲከፍቱ ጊዜ ይሰጣቸው፤ ከላይ በዝግታ የተከፈተ አንድ ቫልቭ ከታች ያሉ የብዙ ቤቶችን መገጣጠሚያ ያተርፋል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።