«ኦኬ» ሳይሞት የቀረው ለምንድን ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ ወዳጆቼ። ባለፈው ክፍል መጨረሻ ላይ ስለ «ኦኬ» ጀምሬ ሰዓቱ ስላለቀ ያቋረጥሁት ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ፣ ዛሬ ሌላ ርእስ ሳልጨምር እሱኑ እቀጥላለሁ። አንዳንዶቻችሁ «አንድ ቃል ይህን ያህል ምን ያስጨንቅሃል?» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። የሚያስጨንቀኝ፣ በዓለም ላይ ከማንኛውም የእንግሊዝኛ ቃል በላይ ሳይዛመት አልቀረም የምለው ይህ ቃል እንዲኖር ያሰበለት አንድም ሰው አለመኖሩ ነው።

ቃሉ መጀመሪያ የታተመበትን ቀን እንደገና እንመልከተው። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1839 «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» የተባለው ጋዜጣ፣ በፕሮቪደንስ ከተማ የሚታተም የሌላ ጋዜጣ አዘጋጅን የሚያሽሟጥጥ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ወሬው ስለ ግብዣና ወደ ላይ ስለሚፈናጠር የጠርሙስ ቡሽ ነው። በዚያ በተንዛዛ ዐረፍተ ነገር መካከል «ኦ.ኬ.» የሚሉ ሁለት ፊደላት ገቡ፤ አጠገባቸውም «ሁሉም ትክክል» የሚል ፍቺ ተቀመጠላቸው። የሁለቱ የእንግሊዝኛ ቃላት፣ የ«ኦል ኮሬክት» (all correct)፣ ትክክለኛ መነሻ ፊደላት «ኤ» እና «ሲ» ናቸው፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን የቦስተን ጋዜጠኞች ቃላትን ሆን ብለው አሳስተው እየጻፉ ማሳጠርን ፋሽን አድርገውት ስለነበር «ኦ» እና «ኬ» ተጻፈ። ይህችን ቅጽበት ደጋግሜ አስባታለሁ። ፊደል ለቃሚው ሁለቱን ፊደላት ከሳጥኑ አንሥቶ ሲደረድር፣ አንባቢው ፈገግ ብሎ ገጹን ሲገልጥ፣ ማናቸውም ቢሆኑ የነገ ሳቅ ሌላ እንደሚሆን እንጂ ይህኛው ከእነርሱ በኋላ እንደሚኖር የሚያስቡበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ደግሞም ብቻውን አልተወለደም። «ሁሉም መልካም» ለማለት በዚያው የማሳሳት ዘዴ የተፈጠረ «ኦ.ደብሊው.» ነበር፤ «ወደ ቴክሳስ ሄዷል» ለማለት «ጂ.ቲ.»፣ የማይረባ ነገርን ለመናቅ ደግሞ «ኤስ.ፒ.» ይባል ነበር። ዛሬ እነዚህን የሚያውቃቸው የቃላትን ታሪክ የሚያጠና ሰው ብቻ ነው። በአንድ ሰፈር አብረው ካደጉ ልጆች መካከል አንዱ ብቻ ሲተርፍ ሰው «እንዴት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የተለመደው መልስ የምርጫ ዘመቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ፣ ደጋፊዎቻቸው እርሳቸው የተወለዱበትን የኪንደርሁክን መንደር ስም ይዘው «ኦልድ ኪንደርሁክ» አሏቸው፤ ኒው ዮርክ ውስጥም «ኦ.ኬ. ክለብ» አቋቋሙ። ተቃዋሚዎቻቸው በበኩላቸው የቀድሞው ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ፊደል አጣርተው ስለማይጽፉ በሰነድ ላይ «ኦ.ኬ.» ብለው ይፈርሙ ነበር የሚል የፈጠራ ወሬ አስወሩ። ቫን ቢዩረን በዊሊያም ሄንሪ ሃሪሰን ተሸነፉ፤ ቃሉ ግን በሁለቱም ወገን አፍ ገብቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ የቴሌግራፍ ሠራተኞች ተቀበሉት። ይህን ሁሉ ከአሮጌ ጋዜጦች ለቅሞ እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1964 ያሳተመው የቋንቋ ተመራማሪው አለን ዎከር ሪድ ነው፤ ከእርሱ በፊት ቃሉ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከቾክቶ ሕዝብ ቋንቋ የመጣ ነው የሚሉ ነበሩ፣ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰንም ይህንኑ በማመን «ኦኬህ» ብለው ይጽፉ ነበር።

ቃሉ የቆየው ሰዎች ስለሚፈልጉት ነው የሚሉም አሉ፤ ደስታም ቅሬታም ሳይጨመርበት መስማማትን ብቻ ይገልጻልና። ይህን አምኜበት ነበር፤ እናቴ ግን አፈረሰችብኝ። እማዬን ታውቋታላችሁ፤ ስልክ ስትዘጋ ሁልጊዜ «በል እሺ፣ ኦኬ፣ ቻው» ትላለች። «እሺ» የሚል ሙሉ ቃል እያላት ከቦስተን የመጣው ምን ጎደለና ገባ? ምናልባት «እሺ» የሌላውን ሐሳብ መቀበል፣ «ኦኬ» ደግሞ ወሬውን መዝጋት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በ«እሺ» ብቻ ስትዘጋም ሰምቻታለሁ።

መዝገበ ቃላት ውስጥ መግባትም ሕይወት አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1934 በታተመው በታላቁ የዌብስተር መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ውስጥ «ዶርድ» የሚል ቃል ነበር። ጥግግትን ለማመልከት «ዲ» የሚለው ፊደል በትልቁም በትንሹም ይጻፋል (D or d) የሚል የአዘጋጆች ማስታወሻ በስሕተት እንደ አንድ ቃል ተነቦ የገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 አንድ አዘጋጅ የቃሉን ምንጭ ሲፈልግ ባዶ ሆኖ አገኘው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር፣ ለምን እንደሆነ ባይገባኝም፣ ደስ አይለኝም።

ሊቅ የፈጠረው ቃል ይሻላል እንዳልል ደግሞ እንግሊዛዊው ሊቅ ዊልያም ሂወል ፊቴ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1834 የኤሌክትሪክ ተመራማሪው ማይክል ፋራዳይ ስያሜ ሲቸግረው «አኖድ» እና «ካቶድ» የሚሉትን የኤሌክትሪክ ጫፎች ስሞች ከግሪክኛ ያቀበለው እርሱ ነው፤ እኛም በኬሚስትሪ ክፍል ተምረናቸዋል። በዚያው ዓመት «ሳይንቲስት» የሚለውን ቃሉን በአንድ መጽሔት ላይ አሳተመ። የመጀመሪያዎቹ ያለ ብዙ ችግር ሥራ ጀመሩ፤ ሁለተኛውን ግን የገዛ አገሩ ምሁራን ለበርካታ አሥርት ዓመታት ተጸየፉት፣ የሥነ ሕይወት ሊቁ ቶማስ ሀክስሊ እ.ኤ.አ. በ1894 እንኳ ጆሮ የሚያቆስል ቃል አድርጎ ይቈጥረው ነበር። አባቱ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ ዕድላቸው ግን ለየቅል።

ዛሬ ልነግራችሁ የነበረው፣ «ኦኬ»ን ያዳነው አጭርነቱና ቴሌግራፍ ነው የሚል ነበር። ነገር ግን «ኦ.ደብሊው.»ም ሁለት ፊደል ነው፤ ቴሌግራፉ ለእርሱም ክፍት ነበር። እንግዲያው ልዩነቱ ምርጫው ብቻ ከሆነ፣ የቫን ቢዩረን መንደር ስም በሌላ ፊደል ቢጀምር ኖሮ እማዬ ስልኩን በምን ትዘጋው ነበር? ወይስ ቃሉ ሌላ መንገድ ፈልጎ... አይ፣ ቃል መንገድ አይፈልግም፣ የሚፈልገው ሰው ነው። ሰው ደግሞ በዚያን ጊዜ የፈለገው ለመሳቅ ብቻ ነበር፤ እና እኔ እዚህ ላይ ስደርስ...