ከድንጋይ አልመጣንም
(በአዲስ አበባ በሚኖሩ የመንዝ ልጆች ዓመታዊ መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የአገሬ ልጆች፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን።

አዘጋጆቹ ስለ መንዝ መልክአ ምድር አሥር ደቂቃ ተናገር ብለውኛል። ጽፌ ነው የመጣሁት። በቃሌ ከጀመርኩ ሆድ ይብሰኛል፣ ሳልጨርስ እወርዳለሁ።

መጀመሪያ ግን ባለፈው ዓመት እዚሁ አዳራሽ የሆነውን ላንሳ። ምሳ ተበልቶ ጨዋታው ሲደምቅ ከመካከላችን አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጣና «መንዝ ምን አለ? ድንጋይና ብርድ! እኛ እኮ ከድንጋይ ነው የመጣነው» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ክፋት አስቦ አይደለም፣ አውቃለሁ። ስሙንም አልጠራም። ግን ከጎኔ የተቀመጠችው የ14 ዓመት ልጄም ሳቀች። እሷ መንዝን አይታ አታውቅም። ስቃ ስታበቃ ዞር አለችና «አባዬ፣ እውነት ሌላ ምንም የለም?» አለችኝ።

ዓመቱን ሙሉ ይቺ ጥያቄ ከሆዴ አልወጣችም። ዛሬ የቆምኩት እሷን ልመልስ ነው።

ድንጋይ አለ። ያደግንበት ቤት ድንጋይ ነው፣ የበጎቹ በረት ድንጋይ ነው፣ የማሳው ካብ ድንጋይ ነው። ብርዱም አለ። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ስትወጡ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ይህን ማንም አይክድም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከድንጋዩ በላይ ጓሳ አለ።

ጓሳን ለእናንተ አልነግራችሁም። ልጆቹ ስላሉ ግን ለእነሱ ልንገር። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ደጋ ነው። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ረጅም፣ ጠንካራ፣ እንደ ፀጉር የሚተኛ ሣር ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የዝናብ ገሳ ይሠራበታል። አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጠብቀውታል ይባላል። የሁለቱ ቀደምት አባቶች፣ የአስቦና የጌራ፣ ልጆች በየራሳቸው አባ ቄራ፣ ማለትም የጓሳ ጠባቂ ሹም፣ ይመርጡ ነበር። ጓሳው ሦስት አራት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ያኔ ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም፣ ከብትም አይነዳም ነበር። ሲከፈት ሁሉም እኩል ያጭድ ነበር። ይህ ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። እኔ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ ቄሮውን የማውቀው በአባቴ አፍ ነው። ጓሳውን ግን በእግሬ አውቀዋለሁ።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአጨዳ ይዞኝ ወጣ። በሌሊት ነው የተነሳነው። ጨረቃ አለች። ከፊት አህያዋ፣ ቀጥሎ አባቴ ገሳውን ደርቦ፣ ከኋላ እኔ። እናቴ ራሷ በፈተለችው የበግ ፀጉር የተሠራ ባና ጠቅልላኛለች፤ ከበደኝ፣ ግን አልበረደኝም። እግራችን ሥር ሣሩ በውርጭ ይንኮሻኮሻል። ጦስኙን ስንረግጠው ሽታው ይነሳል። ዛሬም ቢሆን ሻይ ላይ ጦስኝ ሲገባ ይኸው ሌሊት ነው የሚመጣብኝ።

ጫፉ ጋ ስንደርስ አባቴ አህያዋን አሰረና ተቀመጠ። ማጭዱን አላነሳም። «ለምን አንጀምርም?» አልኩት። «ይንጋ» አለኝ። ነጋ። ፀሐይዋ ከይፋት ቆላ በኩል ወጣች። ጉሙ ከእኛ በታች ነበር። ከእግራችን ሥር እስከ ዓይን ማረፊያ ድረስ ተኝቷል፣ የኮረብታ ጫፎች ብቻ ብቅ ብቅ ብለዋል። ደመናን ከላይ ያየሁት ያን ዕለት ነው። አውሮፕላን ላይ የወጣሁት ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቼ ነው፤ ሰው ሁሉ መስኮት ላይ ሲሻማ እኔ «ይቺን አውቃታለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መጡ። ሌሊቱን ያደሩበትን ገደል እየወጡ አንድ በአንድ ሜዳው ላይ ተቀመጡ። ወንዶቹ ያ ጎፈሬያቸው በፀሐይ ወርቅ መስሏል። እየተንፏቀቁ ሣሩን በጣታቸው ይነጫሉ። የሚነጩበት ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አባቴ በጁ ወደ ምሥራቅ አሳየኝና «ወዲያ የወረደው ውሃ አዋሽ ይገባል» አለ። ወደ ምዕራብ ዞረና «ወዲህ የወረደው ለጀማ ነው፣ ከጀማም ለዓባይ። አንተ የተቀመጥከው መካከሉ ላይ ነው» አለኝ። ከዚያ ማጭዱን አነሳ። ስለ አገር የተማርኩት ትምህርት ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ ያስተማረኝ አላገኘሁም።

ማታ ቤት ስንገባ እሳት ዳር ተቀምጦ ገመድ ገመደልኝ። የሣሩን ጫፍ በእግሩ አውራ ጣት ያዘው፣ ሁለቱን ዘለላ በመዳፉ አሸት አሸት እያደረገ አንዱን በአንዱ ላይ ይጠመዝዛል። በየመሀሉ ውሃ እፍ ይልበታል። አዲስ አበባ ስመጣ በሶና ቆሎ የያዝኩበትን ስልቻ ያሰርኩት በዚያ ገመድ ነው። እስከ ዛሬ ቤቴ አለ። ባለፈው ዓመት ከስብሰባው ስንመለስ አወጣሁና ለልጄ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። 14 ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ኖረን ያልነገርኳት እኔ ነኝ።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። እኛ አገር ናፈቀን እንላለን። ዘፈን ሲከፈት እንባ ይቀድመናል። ግን የምንሄደው መቼ ነው? መርዶ ሲመጣ! በሌሊት ሚኒባስ ተኮናትረን እንነዳለን። ጣርማ በርን በጨለማ እናልፋለን። ቀብር እንደርሳለን፣ ሠልስት አውጥተን በማግስቱ እንመለሳለን። ተራራውን ቀና ብሎ ያየ የለም። ልጆቻችንን አንወስድም፣ ትምህርት አላቸው፣ ብርዱን አይችሉትም እንላለን። ከዚያ እዚህ ተሰብስበን መንዝ ድንጋይ ነው እያልን እናስቃቸዋለን። ታዲያ ልጁ በምን ይውደደው? እናቱን ሲሰድቡ እየሳቀ ያደገ ልጅ፣ ነገ ስለ እናቱ ምን ያገባዋል?

መንገዱ ዛሬ እንደ ልብ አይደለም ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። የቤተሰብ ድምፅ ለመስማት ኔትወርክ የምንጠብቅ ስንቶቻችን ነን። እግዜር ሰላሙን ያውርድ። ግን መንገዱ ክፍት በነበረበት በዚያ ሁሉ ዓመት የት ነበርን? አውሮፓና አሜሪካ ያለ ነጭ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ሊያይ ድንኳን ተሸክሞ ጓሳ ሲያድር፣ እኛ ሶደሬ ነበርን። የጓሳ ገበሬ ሥርዓቱ ከፈረሰበት በኋላ ራሱ መክሮ፣ ራሱ ዘብ ቆሞ ሣሩን መልሶ ጠብቋል። እሱ ከዚያው ከውርጩ ውስጥ ሆኖ አልናቀውም። እኛ ማን ነንና እንንቀዋለን?

ስለ ባሕር ዛፉም ልናገር አስቤ ነበር። ምንጭ ዳር አትትከሉ፣ ለቤተሰብ ብር ስትልኩ ይህን ንገሯቸው፣ ይበቃል። ስለ ባናውም እንዲሁ። እናቶቻችን የሚፈትሉትን ግዙ፣ የውጭውን ብርድ ልብስ ተዉት። ስለ ነጋሲ ክርስቶስና ስለ ሸዋ ነገሥታት ደግሞ ከእኔ በኋላ የሚናገሩት አባት ያውቁበታል፣ ለእሳቸው ትቻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። በሩ ጋ ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር አለ። መንገዱ ሰላም በሆነ በመጀመሪያው ጥቅምት አንድ አውቶቡስ እንይዛለን። ለለቅሶ አይደለም። ጓሳ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለን ንጋት ልናይ ነው። የሚመዘገብ ሰው ልጁን ወይም የልጅ ልጁን አብሮ ያስመዘግብ። ለብቻው የሚመጣ ወንበር የለውም። የመጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈው የልጄ ስም ነው፣ ራሷ ናት የጻፈችው። የእኔ ከሥሯ ነው።